ካውቦዩ ወንድሜና የቅሉ ውሃ

ወንድሜ ሰው ገድሎ ያውቃል። የገደለው ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ በስልክ ካሜራ ፊት፣ ከምሳ በፊት ነው። ሟቹ ምሳውን በልቶ ከሰዓት በኋላ ኳስ ተጫውቷል። በጋምቤላ ከተማ ግን ይህንን የሚያውቀውም የማያውቀውም ወንድሜን «ገዳዩ» ብሎ መጥራት ከጀመረ ሰንብቷል። ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሴቶቹ ከገበያ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይመጡና፣ «ገዳዩ፣ እስከ ድልድዩ አድርሰኝ፤ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እንቁላል ይዣለሁ» ይሉታል። እሱም እየሳቀ ያደርሳቸዋል።

አንድ ሰሞን ግን አልሳቀም። በዚያ ግድያ የተነሳ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ሊከለከል ጫፍ ደርሶ ነበር። የፊልሙን ድርሰት የጻፍኩት እኔ ነኝና ነገሩን በቅደም ተከተሉ የማስረዳውም እኔ ብሆን ይሻላል። ሌሎች ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያስቀድማሉ፣ ፈረስ ባልነበረበት ፈረስ ያስገባሉ።

ሐሳቡን ያመጣው የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ለወጣቶች ጉባኤ መዝሙር ብቻ ማቅረብ ሰልችቶት ነበር። ፓስተራችን ቢሮ ገብቶ፣ «ፊልም እንሥራ፣ የካውቦይ» አላቸው። እኔም ለሌላ ጉዳይ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«ካውቦይ ምን ያደርጋል?» አሉ ፓስተሩ።

«ይበቀላል።»

«ከዚያስ?»

«ንስሐ ይገባል።»

«ከመበቀሉ በፊት ነው ከተበቀለ በኋላ?»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። በዚያች አስተያየት ነው ደራሲ የሆንኩት።

የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ሰው ሁሉን ነገር የማውቅ ይመስለዋል። ትምህርት የጀመርኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁ ቀን አስተማሪው የተማሪ እናት መስዬው ወንበር አቀረበልኝ፤ ስለ ልጄ ጠባይም ጠየቀኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አይጥልም። አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ሳይ፣ ቁልፉ ያልተቆለፈ ሸሚዝ እንዳየች እናት እጄ ወደዚያ ይሄዳል። ፊልሙንም እንደዚያው ነበር የያዝኩት።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ካውቦይ በውሃ ጉድጓድ ጠብ ሰው ይገድላል። የሟቹ ወንድም ሊበቀል ከሩቅ ይመጣል። ገዳዩን ሊደርስበት ሲል ዝናብ ይይዘውና ቤተ ክርስቲያን ይጠለላል፤ የሰማው ስብከት ልቡን ይሰብረዋል። ቀና ሲል ገዳዩ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ይቅር ይለዋል። በመጨረሻም የሟቹ ሚስት ወንዝ ዳር ለገዳዩ በቅል ውሃ ታጠጣዋለች። ያቺን የመጨረሻዋን ትዕይንት ስጽፍ ራሴ አልቅሻለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ዘማሪው ሁሉ ተበቃይ መሆን ፈለገ፤ ሟች ለመሆንም ፈቃደኛ ተገኘ። ገዳይ የሚሆን ግን ጠፋ። ወንድሜ ሰው ቅር ሲለው ማየት ስለማይወድ፣ «በቃ፣ እኔ እገድላለሁ» አለ። የሟቹ ሚስት እንድትሆን የተመረጠችው ደግሞ እጮኛው ናት።

እኛ በሰፈራ ዘመን ከደጋ የመጡ ገበሬዎች ልጆች ነን። እሷ ኑዌር ናት፤ እዚሁ ከተማ አድጋ፣ ከኛው ጋር የምትዘምር። አባቷ ስለሞቱ በእሷ ጉዳይ ቃል ያላቸው የአባቷ ወንድም ናቸው፤ ኢታንግ አካባቢ ከብት ያረባሉ። ስለ ጋብቻው ተጠይቀው እሺም እምቢም ሳይሉ ቆይተው ነበር። «ልጁን አላየሁትም» ነው ያሉት። በኋላ ግን ለጉባኤው እንደሚመጡ፣ ፊልሙንም እንደሚያዩ፣ ከዚያ ቃላቸውን እንደሚሰጡ ላኩብን። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ጢሙን ማበጠር ጀመረ።

ስለ ፈረሱ ልናገር። ፈረስ ለዚህ ቆላ አይሆንም፤ ቢመጣም አይከርምም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ተበቃዩ በባጃጅ ይምጣ ሲል እኔ እምቢ አልኩ። ስለዚህ ተበቃዩን ሞተሩ በጠፋ ሞተር ሳይክል ላይ አስቀመጥነው፣ ሁለት ዘማሪዎች ከኋላ ገፉት፣ ካሜራው ከደረቱ በላይ ብቻ ያዘው። የከተማችን መንገድ ጉድጓዱ ስለማያልቅ ጋልቦ የሚመጣ ሰው ነበር የሚመስለው። ኮቴውን አንዲት ሶፕራኖ ዘማሪ ጭኗን በመዳፏ እየመታች ሠራችው።

ባርኔጣዎቹን ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ከሚሠሩ ሰዎች ተዋስን። ፊት ለፊታቸው ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስም በጥቁር የጫማ ቀለም ሸፈንነው። የጋምቤላ ፀሐይ ግን ቀለሙን እያቀለጠ በየግንባሩ አወረደው፤ ካውቦዮቹ በሙሉ ከመጋደላቸው በፊት ጥቁር እንባ ያነቡ ነበር። ሽጉጥ ደግሞ ቀበሌ ከለከለን። «በእንጨትም ቢሆን» አሉን ሊቀ መንበሩ፣ «ሽጉጥ ይዞ የሚሮጥ ሰው በኔ ቀበሌ አላይም።» ልክ ናቸው። ስለዚህ ግድያው ከግንብ ጀርባ ሆነ። ወንድሜ ወደ ግንቡ ጀርባ ይገባል፣ የተነፋ ፌስታል ይፈነዳል፣ ወንድሜ ብቻውን ይወጣል።

የውሃዋን ትዕይንት ባሮ ዳር ቀረጽን። ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ትንሽ ፈቀቅ እንዲሉ ለምነን፣ አንዷም «እኔም የሟች እህት ልሁን» ብላ ተለማምጣን፣ ቦታ አገኘን። ቅሉን ለልጅቷ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ በአንድ ቅል ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ጠጥቼ ለሱ?»

«ቀምሰሽ ለሱ። እኛ ዘንድ የሰጠ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጠው።»

ቅሉን አገላበጠችው። «አያቴ ይህን ብታይ...»

«አያትሽ ምን?»

«ምንም» ብላ ሳቀች። እጮኛዋ ፊት ያፈረች መስሎኝ አለፍኩት።

ቀመሰች፣ ሰጠችው። ወንድሜ ቅሉን ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰ።

«አልጠጣህም» አልኩት።

«ጠጣሁ እኮ።»

«ጉሮሮህ አልተንቀሳቀሰም። ቅሉን ሳምከው።»

እንደገና ቀረጽን። ጠጣ፤ ግን ዓይኑ ካሜራ አየ። እንደገና ጠጣ፤ ጀልባ አለፈች። እንደገና ጠጣ፤ እኔ ብርሃኑን አልወደድኩትም። በመጨረሻ የተስማማሁበት ጊዜ ወንድሜ ሲራመድ ሆዱ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማ ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ በተሸፈኑበት አዳራሽ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ብርድ ልብስ፣ መሃል ላይ እኛ። አጎትየው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ረጅም ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሷል። ልጅቷ ከጎናቸው ሆና ታስተረጉማለች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አማርኛ ይችላሉ፤ ግን ፊልም ሲሆን ጠንቃቃ ናቸው።

ጉባኤው ዝም ብሎ የሚያይ ጉባኤ አይደለም። ሟቹ ወደ ግንቡ ሲሄድ፣ «ኧረ ተመለስ፣ እዚያ አለልህ» አሉት። ፌስታሉ ሲፈነዳ አንዲት እናት፣ «ነግሬው ነበር» አሉ። ተበቃዩ እየተንገጫገጨ ሲመጣ አጎትየው ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?»

«ፈረስ ላይ።»

«ፈረሱ የታለ?»

«ከታች ነው፣ አይታይም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የይቅርታው ትዕይንት ላይ ግን ተጠግተው ነው ያዩት። ተበቃዩ ገዳዩን ሲያቅፍ በጉሮሯቸው «እም» ሲሉ ሰማሁ፤ በሩ ጋ ቆሞ የነበረው ወንድሜም ሰምቶ ኖሮ በጨለማው ጥርሱ ታየኝ። ከዚያ ወንዙ መጣ፣ ቅሉ መጣ፣ ልጅቷ ቀመሰች፣ ወንድሜ ጠጣ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ግድግዳውን ሞልቶ ይታያል። አጎትየው ዘንጋቸውን አንስተው ተነሡ፤ በሰው መሃል ቀጥ ብለው ወጡ።

ተከትለናቸው ስንወጣ ማንጎው ጥላ ሥር ቆመዋል።

«አስተማሪ» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሁሉ ለእሳቸው አስተማሪ ነው። «አንቺ ነሽ የጻፍሽ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ሰው ሞተ።»

«በፊልም ነው አባ።»

«በፊልም መሆኑን አውቃለሁ። የሞተውን ልጅ በር ላይ ሰላም ብዬዋለሁ፤ ለስላሳ ይጠጣል።» ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሰው ሞተ። ከብት አልሄደም። ሽማግሌ አልመጣም። ልጄ ከገዳይ ጋር በአንድ ቅል ጠጣች።»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«መሞቱ ጨዋታ ነው፤ እሺ። ማልቀሱ ጨዋታ ነው፤ እሺ። ውሃውስ? ሆዱ አልገባም?»

ወንድሜ አየኝ። ውሃው ሆዱ መግባቱን ከእኔ በላይ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም።

ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ አልተቆጡም። ሰው ከተገደለ በኋላ የገዳይና የሟች ወገን ካሳው ከብት ሳያልፍ፣ ሽማግሌም ሳያስታርቅ ከአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። ከጠጣ ሞት ይጠራል። ፊልሙ ውስጥ የሟች ሚስት የሆነችው እሳቸው አሳድገው የሚድሯት ልጅ፣ ገዳይ የሆነውም ሊወስዳት የሚፈልገው ሰው ነው።

«እነዚህ ተጋብተው ይወልዳሉ» አሉ። «አንድ ቀን ልጁ ታሞ ይተኛል። ልጅ ይታመማል። ያኔ ሰው ይጠይቀኛል፤ በደም ላይ በአንድ ቅል ሲጠጡ አይተህ ዝም አልክ ይለኛል። እኔ ምን እላለሁ? ፊልም ነበር እላለሁ?»



«ሰርግ የለም» አሉ። «የተበላሸው እስኪስተካከል።»

«በምን ይስተካከላል አባ?» አለ ወንድሜ።

ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ጻፈች። እሷ ታስተካክል።»

የሚቀጥለው ሳምንት ለቤታችን መልካም ሳምንት አልነበረም። ወንድሜ ባጃጁን አቁሞ ደጃፍ ይቀመጥ ጀመር።

«እትዬ» ይለኛል፣ «አንዴ ብቻ ቀምሼ ነበር እኮ። ጉሮሮህ አልተንቀሳቀሰም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አልተንቀሳቀሰም ነበራ።»

«አሁን ተንቀሳቀሰልሽ?»

ሐዘን ቢጤ ሲይዘው ጢሙን ተላጨ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ማስተካከሉን እምቢ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ የካሳ ትዕይንት እንጨምር ሲል፣ ይቅርታ በከብት የሚገዛ ከሆነ ፊልሙን ለምን ሠራነው አልኩት። የታሪኩ ነገር ሁሉ ገዳዩ ምንም ሳይኖረው ይቅር መባሉ ላይ ነበር። ጸጋ ነጻ ነው፤ ይህን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንዘምረው ነው ያደግነው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እትዬ፣ እኔ በጸጋው ነጻ ነኝ» አለች። «የሚድሩኝ ግን አጎቴ ናቸው።»

አባቴ ከሰፈራ መንደራችን በቆሎ ይዞ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ እንደ ሐዘንተኛ አልሆነም። ሁሉንም ከአፌ ካስደገመኝ በኋላ ጠየቀኝ።

«ገደለ?»

«ገደለ።»

«አለቀሰ?»

«አለቀሰ።»

«ከዚያ ውሃ ጠጥቶ ሄደ?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ የሟች አባት ብሆን» አለ አባቴ፣ «ከውሃው ጋር ቆሎም አስይዤ እሸኘው ነበር።»

«አባዬ፣ ተው።»

«እኛም አገር ደም ሳይደርቅ ማዕድ አይቀረብም ነበር፣ ልጄ። ሰውዬው ያበደ ነገር አልተናገረም። እኔ የምፈልገው ግን የልጄን ሰርግ ነው። ለሰርጉ ሲሉ በፊልሙ ውስጥ ዝሆን ይግባ ቢሉሽ ዝሆን አስገቢ።»

ዝሆን አላስገባሁም። መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ዛፍ ላይ የወጣውን ያን አጭር ቀራጭ እንደገና አነበብኩት። ጌታ አስቀድሞ ቤቱ ገባለት፤ እሱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተነሥቶ የበደለውን አብዝቶ ልመልስ አለ። ማንም አላስገደደውም። ቅደም ተከተሉን ደጋግሜ አየሁት፤ ቅደም ተከተል የእኔ ነገር ነው። ይቅርታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ በነጻ። ከዚያ ገዳዩ በገዛ ፈቃዱ ከብት ነድቶ ለሟች ወገን ያስረክባል፣ ሽማግሌም ያስታርቃል። ውሃው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንዲት ቃል ሳልሰርዝ አንድ ትዕይንት መሃል ላይ አስገባሁ። ፓስተሩ አንብበው፣ «ይህስ መጀመሪያም መኖር ነበረበት» አሉኝ። ይህን ባይሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጽሑፉን ይዘን አጎትየው ጋ ሄድን። ልጅቷ አነበበችላቸው። ጥሩ ነው አሉ፤ ነገር ግን ሽማግሌውን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ፓስተሩን እንዳሰብን ነገርናቸው።

«ፓስተር ከብት ያውቃል?»

«ብዙም አያውቁም።»

«እኔ እሆናለሁ» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ባርኔጣ አለ?»

«አባ፣ የሽማግሌው ልብስ እንኳ...»

«ያቺ ሰፊዋ። ፈረስ የሌለው ሰውዬ ያደረጋት።»

ወንድሜን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል፣ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው የተነሡት የተበላሸውን ለማስተካከል መሆኑን አልጠረጥርም። ፊልሙ ግን ገና ግማሹ ሳይደርስ ነው የወደዱት ብዬ አሁንም አምናለሁ። ባርኔጣዋን ሰጠናቸው።

ከብቱም የራሳቸው ነበር፤ ከሌላ ከየት ይመጣል? ኪቦርድ ተጫዋቹ ካውቦዩ በከብት ፋንታ ባጃጅ ያስረክብ ብሎ ሲቀልድ ማንም አልሳቀለትም። ኢታንግ በኩል ወንዙ ሰፋ ብሎ ሣሩ ከሚበዛበት ዳርቻ፣ ከብቶቹ ጠዋት ከሚሰማሩበት ቦታ ላይ ተሰበሰብን። ያን ጊዜ ነው የወንድሜን አገጭ ልብ ብዬ ያየሁት።

«ጢምህስ?»

«ተላጨሁት።»

«ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጢም አለህ። ውሃ ስትጠጣ ጢም አለህ። መሃል ላይ ከብት ስታመጣ የለህም። ምን ብለው ይረዱታል?»

«ለከብቱ ክብር ተላጨ ይበሉ።»

ከሰል አስፈጭቼ አገጩን ቀባሁት። አጎትየው ባርኔጣዋን አድርገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሣሩ መሃል ቆመዋል፤ እንደዚያ የሚያምር ካውቦይ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጠጋ ብዬ አሠራራችንን አስረዳኋቸው። መጀመሪያ እንሞክራለን፣ ከዚያ እንቀርጻለን፣ ካልሆነም እንደግማለን አልኩ።

«አይደገምም» አሉ።

«አባ፣ ካሜራው...»

«እርቅ አንዴ ነው። ሁለቴ ከታረቁ አንደኛው ውሸት ነው።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ጀምር» ሲባል ወንድሜ ከብቶቹን እየነዳ ከዛፎቹ ሥር ወጣ። መልካም ነበር። ብርሃኑ እንኳ እንደምወደው ነበር። ሙቀቱ ግን ከሰሉን ያወርደው ጀመር፤ ጢሙ ወደ አንገቱ ሄደ። ከዚያ አንዲት ጊደር ስልኩን አየች፣ አልወደደችውም፣ ጅራቷን ሰቅላ ወደ ወንዙ ሮጠች። ከእኛ ኋላ ሙዝ እየበላ የነበረው የሟቹ ተዋናይ አላሰበም፤ ልጡን ጥሎ ዘሎ ገባ፣ ጊደሯን ከፊት ዞሮ መለሳት፣ ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ ነዳት። በካሜራው መሃል። የራሱን የደም ካሳ እየነዳ።

እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነው የቆምኩት። አጎትየው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ከብቱን ተቀበሉ። ወንድሜን ወደ ግራ፣ ልጅቷን ወደ ቀኝ አቆሟቸው፤ በኑዌርኛ መናገር ጀመሩ። እኔ የጻፍኩላቸው ሁለት መስመር ነበር። እሳቸው የተናገሩት የስልኩ ባትሪ ቀይ እስኪያሳይ ነው። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ የአባቷን ስም ሲያነሡ ግን ለየሁት። ልጅቷ አለቀሰች። ልቅሶ አልተጻፈላትም ነበር። ሲጨርሱ ከቅል ውሃ ወስደው በሁለቱም ላይ ረጩ፤ ወንድሜ ሲንበረከክ የከሰሉ ጥቁር በነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። እኔ ስለ ጢሙ ማሰብ ያቆምኩት ያኔ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ።

በቅንብሩ ጊዜ ሟቹን ከትዕይንቱ ማውጣት እንችላለን ወይ ብዬ ለመንኩ። አይቻልም፤ ካወጣነው ከብቱም ይወጣል። ስለዚህ ፊልሙ እንደገና ለጉባኤ ሲታይ፣ የተገደለው ሰው በደህና ጤንነት ከብቱን እየነዳ በግድግዳው ላይ አለፈ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላዬ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው፣ «ከሰማይ ሆኖ እየረዳው ነው» ብለው ሲያስረዱ ሰማሁ። ጎረቤታቸውም ተቀበሉ። አጎትየው በዚህ ጊዜ ከፊት ወንበራቸው አልተነሡም፤ የራሳቸው ትዕይንት ሲመጣ እንዲያውም ከኋላ ያለውን ሰው ዝም በል አሉት።

አባቴ ነገር ሲሞቅ ነው ብሎ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ በዚያው ሰሞን ወደ እሳቸው ሄደ። እኔ ምግብ ለማቅረብ ተብዬ ተከተልኩ፤ የሄድኩት ግን ለመስማት ነው። መንገድ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ወንድሜ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሟል፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። የሟቹ ተዋናይም ሚዜ ልሆን ነው ብሎ አብሮን መጥቶ፣ ጥግ ይዞ የቀረበለትን ሥጋ ይበላል።

ሰላምታው ካለቀ በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ» አለ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን። የከብቱን ነገር እንደሆነ ጨርሰነዋል።»

«የቱን ከብት?» አሉ አጎትየው።

«ወንዝ ዳር ያስረከብነውን። ልጄ ነድቶ አመጣ፣ እርስዎ በእጅዎ ተቀበሉ። ጉባኤው ሁሉ አይቷል።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ከብቱ የኔ ነው።»

«አሁንማ የእርስዎ ነው። አስረክበናል እኮ።»

አጎትየው አባቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። አባቴ ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ሲፈልግ እንደ በሬ መሆን ይችላል።

«እሱ የሞተው ሰው ካሳ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የልጅቷ ሌላ ነው።»

«ይሁን። ሟቹ ከመጣና ካሳዬ አልደረሰኝም ካለ እንነጋገራለን» አለ አባቴ። ከዚያ ዞር ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠውን አየው። «አንተ ልጅ፣ የቀረህ አለ?»

ሟቹ አፉ ሙሉ ስለነበር በእጁ ምንም እንዳልቀረው አሳየ።

አጎትየው ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ዘንጋቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አባቴም ከእሳቸው ጋር ሳቀ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አበሱ። ከዚያ በኋላ ስለ እውነተኛው ከብት ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ጓሮ ሄደው ተነጋገሩ። ምን ተስማሙ የሚለውን ብሰማም አልጽፈውም፤ የእነሱ ጉዳይ ነው። ሲመለሱ ግን አባቴ የሄደበትን ያህል ደረቱን አልነፋም፤ ከዚህም የረታው ማን እንደሆነ ማወቅ አያዳግትም።

አጎትየው ወንድሜን ጠሩት። ከፊታቸው ተንበረከከ። እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው በልማዳቸው እፍ እንትፍ ብለው መረቁት።

«ውሰዳት» አሉት። «ልጄ ናት። አትምታት። አታስርባት። ሲመሽ በጊዜ ግባ።»

«እሺ አባ።»

«ሌላም አለ። በፊልምም ቢሆን፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ሁለተኛ ሰው አትግደል። ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ግባ።»

ወንድሜ ቀና ብሎ ሁሉም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰው አልገድልም።»

በዚያች ሰዓት አንዲት ሴት ዓሣ በሳፋ ተሸክማ በመንገዱ ታልፍ ነበር። ቆመች። የተንበረከከውን ወንድሜን አየች፣ ራሱን የሚነቀንቀውን አባቴን አየች፣ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» የሚሉትን ሽማግሌዎች አየች። ሳፋዋን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ዓሣ እንግዛ እንኳ ብንላት ሳትዞር፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ወንዙ ወረደች።